አጣጥና ተከራዩ

ኮቴን አጣጥ ቀደደው። ጭቃ ሸሽቼ የሰው አጥር ጥግ ጥጉን ስሄድ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ፤ በአንድ ወገን ሳስለቅቀው በሌላ ወገን ያዘኝ፤ በመጨረሻ ስጎትት ጨርቁ ተተረተረ። እየተራገምኩ እሾሁን ስነቅል ከግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው፣ «አትርገመው ልጄ፤ ፈረንጅ የካንሰር መድኃኒት ያወጣው ከእሱ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ አላምንም። እኛ አገር ካንሰር አያድንም የተባለ ቅጠል እስካሁን አልገጠመኝም። ሞሪንጋው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ እሬቱ፣ ግራዋው ሁሉም ተራ በተራ ተሹመው ተሽረዋል። የአጣጡ ነገር ግን ድሮ የሆነ ቦታ ካነበብኩት ጋር ገጠመብኝ። ግማሹ ትዝ ይለኛል፣ ግማሹ ጠፍቶብኛል። ኮቱን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ ማጣራት ያዝኩ።

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ እኔን ያናደደኝም ያ የጎደለው ነው።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከየአገሩ ቅጠል፣ ቅርፊትና ሥር ማስለቀም ጀመረ። ሥራው በ1982 እስኪቆም ድረስ 35,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያ ተፈትሿል ይባላል። ታክሶል የተባለው ስመ ጥር መድኃኒት የተገኘው በዚሁ ዘመቻ፣ በ1962 ከዋሽንግተን ግዛት ጫካ ከተላጠ የዛፍ ቅርፊት ነው። ከእኛ አገር ደግሞ አጣጥ ተወሰደ። ናሙናው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ኩፕቻን የሚባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ እጅ ገባ፤ ጭማቂው የደም ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ሲሞከር ሠራ። ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ሁሉ ጭማቂ ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን አንድ ነገር ለይተው በ1972 ይፋ አደረጉ። አጣጦች ያኔ በሳይንሱ ሜይቴነስ ይባሉ ስለነበር ሜይታንሲን አሉት።

መጠኑን ግን ተመልከቱ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ አጣጥ የወጣው 0.2 ሚሊግራም ነው። አንድ ግራም ልግኝ ያለ ሰው 50 ኩንታል ያስፈልገዋል። አንድ አይሱዙ ሙሉ እሾህ አራግፎ፣ ፈጭቶ፣ ዘፍዝፎ፣ አጣርቶ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ዱቄት ነው። አሜሪካኖቹ የተሻለ የሚሰጥ ዘመድ ፍለጋ ኬንያ ወረዱ። ሺምባ ኮረብታዎች ላይ ቡካናኒ የተባለውን የአጣጥ ዓይነት አገኙና ከ27 ቶን በላይ ሰበሰቡ፤ በአካባቢው ለአቅመ ዘር የደረሰ አንድም ግንድ አልተረፈም ብለው የጻፉ አሉ።

ኮቴን የቀደደው ያው የታወቀው አጣጥ ነው ወይ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። የኩፕቻን ጽሑፍ ኦቫተስ የሚለውን ዝርያ ነው የጠቀሰው። ኋላ ግን ሴራታ ነው ተብሎ ተስተካከለ። የአጣጦችን ዘር ማንዘር አጥንተው በ1985 ስዊድን ኡፕሳላ ላይ መጽሐፍ ያሳተሙት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እኛ አጣጥ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በሳይንሱ ብዙ ዝርያ ነው። ኮቴ ላይ ወንጀል የፈጸመው አርቡቲፎሊያ የሚባለው ወንድሙ ሳይሆን አይቀርም። ቤተሰቡን ካነሳን ጫትም የአጣጥ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዱ ያስቅማል፣ አንዱ ይቧጭራል።

መድኃኒቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሰው ላይ መሞከር ተጀመረ። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዘረመሉን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ሜይታንሲን እነዚህ ክሮች ከሚሠሩበት ፕሮቲን ላይ ይለጠፍና ክሮቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል፤ ሕዋሱም መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይሞታል። ከአበባ ተክል የተገኘው ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ሜይታንሲን ግን በቤተ ሙከራ ሲለካ ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ይበረታል። ጣጣው፣ ክሩ ያለው ጤነኛው ሕዋስም ውስጥ ነው። በሽተኞቹ ያስመልሳቸው፣ ተቅማጥ ይይዛቸው፣ እጅ እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር። ዕጢው እንዲቀንስ የሚያስፈልገው መጠንና ሰውየውን የሚጎዳው መጠን ተቀራረቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

እዚህ ጋ አንድ የቆየ ቂሜን ካልተነፈስኩ አይሆንልኝም። «ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አጣጡን ኢትዮጵያ ውስጥ ያበቀለችው ተፈጥሮ ራሷ ናት፤ ውስጡ ያለው ግን ሐኪም ያስደነገጠ መርዝ ነው። ቀቅሎ ልጠጣ የሚል ካለም ከላይ ያለውን የአይሱዙ ስሌት ይመልከት። መድኃኒቱን ለማግኘት ጀበናው አይበቃም፤ አጣጥ ውስጥ ያለውን ሌላውን ሁሉ ግን በነፃ ይጠጣል።

አሁን ወደ ንዴቴ። ኩፕቻን በ1976 ሞቱ። በዓመቱ፣ በ1977፣ ታኬዳ የተባለው የጃፓን መድኃኒት ፋብሪካ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ዜና አወጡ። ከሣር ቅጠል ላይ ያገኙት ባክቴሪያ ከሜይታንሲን ጋር መንታ ወንድም የሚመስል ነገር ይሠራል! ጎኑ ላይ ካለች ትንሽ ቅጥያ በቀር አንድ ናቸው። አንሳማይቶሲን አሉት። ባክቴሪያዋ ዛሬ አክቲኖሲኔማ ትባላለች። አጣጥ በ50 ኩንታል የሚሰጠውን፣ እሷ ስኳር በልታ በጥቂት ቀን ትሰጣለች።

ታዲያ አጣጥ ምን ሠራ? ተቀናቃኙ ሐሳብ ጨካኝ ነው፤ አጣጥ ምንም አልሠራም፣ ቤት ነው ያከራየው ይላል። ውስጡ የሚኖር ባክቴሪያ ነው የሚሠራው፤ ኩፕቻን ያገኙት የተከራይን ዕቃ ነው፤ ባለቤት ነው ብለው የመዘገቡት ግን አከራዩን ነው። መጀመሪያ ላይ አልተዋጠልኝም። የአገሬን ቁጥቋጦ ለጃፓን ሣር አሳልፌ ልሰጥ? መከላከያ ፍለጋ ብዙ ምሽት አቃጠልኩ፤ ባገላበጥኩ ቁጥር ግን ማስረጃው ወደ ተከራዩ ያደላል። አንደኛ፣ የሞለኪዩሉ አወቃቀር ተክል የሚሠራው ዓይነት አይደለም። የቅርብ ዘመዱ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ሁሉ የሚያውቀው ሪፋምፒሲን ነው፤ እሱም መነሻው በ1957 ከፈረንሳይ ሪቪዬራ የጥድ ጫካ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛ፣ የሜይታንሲን ዘመድ ቴክሳስ ውስጥ ከአጣጥ ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና በሌለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ድንጋይና ግንድ በሚያለብሰው ሞስ ውስጥ። የማይተዋወቁ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ከተገኘ፣ ተከራዩ አንድ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በ2010ዎቹ ጀርመን ዶርትሙንድ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ያዙት። የደቡብ አፍሪካውን የአጣጥ ዘመድ ፑተርሊኪያን ሲመረምሩ፣ የመድኃኒቱን መነሻ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዘረመል ተክሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች ላይ ተገኘ። ከዚያ ወደ ራሱ ወደ አጣጥ ሴራታ ዞሩ። እዚያ ላይ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ሥራው በአንድ ተከራይ የሚያልቅ አይመስልም፤ ብዙ ነዋሪዎች ተከፋፍለው ይሠሩታል፤ ግንዱና ሥሩ ላይ ያሉትም ድርሻ ድርሻ አላቸው። እኔ ባለቤቱም እጁን አላስገባም ብዬ ለማመን አልፈልግም። ይህ ሳይንስ አይደለም፣ ወገንተኝነት ነው።

የተጣለውን መርዝ ከጉድጓድ ያወጣው ሌላ ሐሳብ ነው። መርዙ አላማውን የማያውቅ ከሆነ አላማ የሚያውቅ ነገር ላይ ይታሰር። ማሳቹሴትስ ያለው ኢሚዩኖጀን ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሜይታንሲንን ልጆች ፀረ እንግዳ አካል ላይ ማሰር ጀመረ። ከነሱ አንዱ ዲኤም1 ተባለ። በኋላ ኸርሰፕቲን ከተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ጋር ታሰረ። ኸርሰፕቲን አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ቆዳቸው ላይ የሚያበዙትን ኸር2 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል። በአማካይ ሦስት ተኩል የመርዝ ሞለኪዩል ተሸክሞ ሄዶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሕዋሱ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ ሲፈጨው መርዙ ይለቀቃል። የሕዋሱ ስግብግብነት ራሱን ገደለው ማለት ነው። ጤነኛው ሕዋስ ኸር2 ስለማያበዛ በብዛት ይታለፋል። ሙሉ በሙሉ አይታለፍም፤ ጉበትና የደም ፕሌትሌት ይነካል።

991 በሽተኞች በተሳተፉበት ጥናት ይህን የወሰዱት በሽተኞች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 30.9 ወር ሆነ፤ የቀድሞውን ሕክምና የወሰዱት 25.1። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በየካቲት 2013 ፈቀደው፤ ካድሳይላ ይባላል። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይንጠባጠባል። ያኔ ዋጋው በወር 9,800 ዶላር ገደማ ነበር። ይህችን ቁጥር ሳነብ፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር መሆኑ ትዝ አለኝና አይሱዙዬን ረሳሁት። በ2022 ደግሞ ሌላው የሜይታንሲን ልጅ፣ ዲኤም4፣ ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ። ኢሚዩኖጀንን አብቪ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

«ድርሻችንስ?» ለሚሉኝ፣ እኔም ብያለሁ። የእንዶድን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ አጣቢዎች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ያገኙትን ጥቅም፣ ኋላ ለሌላ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ባለቤትነት አስመዘገበበት። አጣጥ ግን ለክስ አይመችም። ናሙናው የወጣው አገራት በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ መብት አላቸው የሚለው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ከመፈረሙ ብዙ ቀድሞ ነው፤ የእኛው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 ሲወጣ ከኩፕቻን ጽሑፍ 34 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ላይ ፋብሪካው ዛሬ አጣጥ አይነካም። ዲኤም1 የሚሠራው ያቺ ባክቴሪያ ከምታመርተው አንሳማይቶሲን ተነስቶ ነው፤ ተከራዩዋ ቤቷን ለቃ ፋብሪካ ገብታለች።

የካድሳይላን መመሪያ አውጥቼ አነበብኩት። ዲኤም1 የሜይታንሲን ውጤት ነው ይላል። ከየት አገር፣ ከየትኛው ቁጥቋጦ የሚል የለም፤ የባክቴሪያዋም ስም አልተጻፈም።