በጣት የሰማነው

እኛ ስናድግ ቦሌ አካባቢ ሆስፒታል የሚባል ነገር አልነበረም። ሌሊት ልጅ በትኩሳት ሲቃጠል አባት ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። የወሎ ሰፈር ሰው ዘውዲቱ ወይም ኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ የኮተቤ ሰው ደግሞ ምኒልክ ይሄዳል። ገርጂ ማሳ ነበር። ከጎሮ ወዲያ ካሉት መንደሮች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡ ገበሬዎችን አይተናል። ከኋላቸው የረር ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ያኔ የሚጋርደው ፎቅ የለም።

ሰፈራችን ውስጥ ግን ሐኪም ነበር። ምኒልክ ሆስፒታል ሠልጥነው ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት የፈጁ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የመስታወት መርፌያቸውን በትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ አድርገው በስፒሪት እሳት ይቀቅሉታል። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ፣ «ጋሼ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም» ትላቸዋለች። እሳቸው ቶሎ ብለው መድኃኒት አያወጡም። የዓይኔን ቆብ ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ምላሴን ያስወጡኛል፣ ሆዴን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ የእጄን አንጓ እንደያዙ ዝም ብለው ይቆያሉ። «ይሄ የእኔ አይደለም፤ ጠዋት ሆስፒታል ውሰጂው» ያሉበት ቀንም ነበር። ሐኪም የመሆን ምኞት ያደረብኝ እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ጥቁር አንበሳ የገባሁት በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ በአገሪቱ ሐኪም የሚያሠለጥኑት 3 ቦታዎች ብቻ ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ሲነሳ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ገጠር የሚልክ። ይህች አገር ስለ ጤና ካሰበቻቸው ሐሳቦች ሁሉ ይሄኛው ብልሁ ይመስለኛል። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። እኛ ስንደርስ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መምህራን ፀጉራቸው ሸብቶ፣ እጃቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነበር።

ጠዋት ሞርኒንግ ሴሽን አለ። ሌሊቱን ዲዩቲ ያደረ ኢንተርን ዓይኑ ቀልቶ የተኙትን በሽተኞች አንድ በአንድ ያቀርባል። የዘለላት ነገር ካለች ሲኒየሮቹ አያልፉትም። ከዚያ ራውንድ ይጀመራል። በአንድ አልጋ ዙሪያ ስድስት ወይም ሰባት እንሆናለን። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም እንነካለን፣ ሁላችንም እንጠየቃለን። የሚደበቅበት ጀርባ አልነበረም።

አንድ የውስጥ ደዌ መምህር ነበሩን። አንድ ጠዋት ከበረህ በኩል የመጡ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ገበሬ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ጓደኛችን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሊያነሳ ሲል መምህሩ እጁን ያዙት። «ራጁ ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየውን።» ከዚያ ወደ ገበሬው ዞሩና፣ «አባቴ፣ እነዚህ ልጆች ትንሽ ሊያስቸግሩዎት ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» አሉ። ሰውየው ነጠላቸውን ራሳቸው ገለጡ።

የግራ እጅ መሐል ጣት በሁለት ጎድኖች መካከል በደንብ ተጭኖ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከቆዳው ይነሳሉ። የቀኝ እጅ መሐል ጣት ታጥፎ ከአንጓ ብቻ ይመታል፣ መትቶ ወዲያው ይነሳል። ከትከሻ ሥር ሲጀመር ድምፁ ክፍት ነው። ጎድን በጎድን ወደ ታች ሲወረድ ግን ድንገት ድፍን ይላል፤ የሚመታውም ጣት ከሥሩ እንቢ የሚለው ነገር ይሰማዋል። መምህራችን እያንዳንዳችንን አስመቱን። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩን። ራጁ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ደረታቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ የቆመበት ጥግ እኛ ካሰመርነው መስመር ጋር ገጥሞ አገኘነው። መርፌ ሲገባ የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ወጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሰውየው መድኃኒቱን ጀምረው፣ ትንፋሻቸው ተመልሶ፣ በእግራቸው ወጡ።

የዚህን ዘዴ ታሪክም ነገሩን። አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1761 ጽፎ ያወጣው ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ ልጁ በርሜል እየመታ የቀረውን ወይን ሲለካ አድጎ ነው ነገሩን ወደ ሰው ደረት ያመጣው ይባላል። «እናቶቻችሁ የጠላ ጋን መታ መታ ሲያደርጉ አላያችሁም? ያው ነው» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛም፣ ግድግዳም፣ የዶርም ጓደኛችንም ደረት አልቀረን፤ ያላንኳኳነው ነገር የለም።

የዚያን ትውልድ መምህራን ስም ሳነሳ ልቤ ይሞላል። የሕፃናቱ ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ፋኩልቲውን በዲንነት መርተው፣ ከዚያ ባንግላዴሽ ሄደው በተቅማጥ በሽታ ምርምር የታወቀውን ዓለም አቀፍ ማዕከል መርተዋል፤ በኋላም ተመልሰው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የውስጥ ደዌን ለትውልድ አስተምረው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ኤዲንብራ የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች አንዱና የፋኩልቲው ዲን ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲባረሩ እሳቸውም ተባረሩ። በኋላ ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. ለሕክምና በሄዱበት አሜሪካ አረፉ። የፖለቲካውን ጉዳይ ሌላው ይጻፈው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ደብዳቤ የሚሰናበት የቀዶ ሕክምና መምህር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጣቱ ያጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ተይዞለት የሚተካ ነገር አይደለም።

ሌሎቹ ደግሞ ማንም ሳያባርራቸው ሄዱ። እኛ የቦሌ ልጆች ሐኪሞቻችንን የሸኘነው በሰፈራችን በኩል ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ሻንጣ ማሠሪያው፣ ቡናው፣ የመጨረሻው ምሳ ሁሉ እኛ ቤት ይሆን ነበር። «ስፔሻላይዝ አድርጌ እመለሳለሁ» ያላለ የለም። ከልባቸው ነበር፤ ዛሬም አልጠራጠርም።

እኛ ስንመረቅ የምንመደበው በዕጣ ነበር። ስምህ ተጠርቶ ወረቀቷን ስታነሳ ጋምቤላ ትሁን ደብረ ታቦር፣ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ። ፈርተን ሄደናል። ግን የሚጠብቀን ሕዝብ ነበር፣ የሚጠብቀን ሥራ ነበር። የዛሬው ወጣት ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫውንና የሙያ ፈቃዱን ፈተና አልፎ፣ ቅጥር ፍለጋ ከክልል ክልል ማመልከቻ ይዞ ይዞራል። ሐኪም ገና ባልበቃት አገር ሐኪም ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ለዚያ ለጡረተኛው ድሬሰር ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

እዚህ የደረስነው በጥድፊያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሐኪሙ ቁጥር ማነስ ያስጨነቀው መንግሥት የሕክምና ተማሪዎችን ቅበላ አበዛ። በዓመት ከ300 በታች የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ3,000 አለፈ። በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሐኪም ያስፈልግ ስለነበር ሐሳቡን አልቃወምም። ተማሪው አሥር እጥፍ ሲሆን መምህሩና አልጋው ግን አሥር እጥፍ አልሆኑም። በአንድ አልጋ ዙሪያ ሃያና ሠላሳ ጋውን ይቆማል። ከኋላ ያለው በሽተኛዋን አያያትም፣ የፊተኛው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ማስታወሻ ይይዛል። እሷም ስንት እጅ ትቻል? ከሦስተኛው ተማሪ በኋላ በጋቢዋ ትሸፈናለች፤ መብቷ ነው። ልጁ የደረትን ድምፅ በቪዲዮ ሰምቶ ይመረቃል።

እኔም ለተወሰነ ጊዜ «የድሮ ሐኪም ቀረ» ከሚሉት ጋር አማርር ነበር። 2012 አፌን ዘጋው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሌላ ሥራውን ትቶ ለዚሁ ተለየ፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ቦሌ ያለው ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ኮንሰርትና ኤክስፖ የምናይበት አዳራሽ፣ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ጣሪያው ሥር መደዳውን አልጋ ተዘረጋ፣ የኦክስጅን ቱቦ ተሳበ። እኔን ለዕድሜዬና ለስኳሬ ብለው አላስገቡኝም። የገቡት እነዚያ «በብዛት የተመረቱ» የሚባሉት ልጆች ናቸው። ከቤተሰባቸው ተለይተው፣ ሙሉ ሰውነት በሚሸፍነው ልብስ ውስጥ ላብ እያጠመቃቸው ሠሩ።

ከእነሱ አንዷ፣ ኢንተርን ሳለች አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ፣ ሌሊት ትደውልልኝ ነበር። «ዶክተር፣ በዚህ ልብስ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አይገባም። ደረት መስማት አልቻልኩም» አለችኝ። «ታዲያ ምን እያየሽ ነው?» አልኳት። የአንድ በሽተኛ የአንገት ጡንቻ በየትንፋሹ እንደሚሳብ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ እንደሚከፈት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ እንዳቃተው ነገረችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት። በሆዱ እንዲተኛ አድርጋው ነበር፤ ሲነጋጋ ኦክስጅኑ ከፍ አለ። በዓይኗ ብቻ ደረቱ ውስጥ ገብታለች። እነዚህ ልጆች ከእኛ አያንሱም። ያነሰው እኛ የሰጠናቸው ጊዜ ነው።

ጊዜው የት ሄደ ለሚል ሰው፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ የቦሌን መንገድ ያሳዩት። ሲኒየሩ ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር፤ አሁን መኪናው ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ገርጂ፣ ከዚያ ሲኤምሲ ይደርሳል። በየክሊኒኩ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው በሽተኛ አለ። ቦሌ ዛሬ ሕክምና የሞላበት ሰፈር ነው። ቅዱስ ገብርኤልና ሀያት ከቀደምቶቹ የግል ሆስፒታሎች ናቸው፤ ኮሪያ ሆስፒታል የምንለው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገርጂ ተከፈተ፤ ሀያትም ኮሪያም ሐኪም የሚያሠለጥን ኮሌጅ አላቸው። ሲቲ ስካን ለማንሳት ከተማ ማቋረጥ ቀረ። ያ ገበሬ ዛሬ ቢመጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃው በአልትራሳውንድ ይታያል፣ መርፌውም በዓይን እየታየ ይገባል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ በእነዚያ ሌሊቶች ይህን አግኝታ ቢሆን እላለሁ። ገንዘቡን ከየት ታመጣው ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሲኒየሩን የሚያዞረው ስስት አይደለም። የመንግሥት ደመወዙ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አይችልም። ሐኪሞች ይህን በ2011 ጋውናቸውን ለብሰው አደባባይ ወጥተው ተናገሩ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች እንደገና ጠየቁ፣ በየቦታው ሥራ አቆሙ፣ በርካቶቹም ታሰሩ። ጥያቄያቸው የሆድ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ያንገበግበኛል። ሲኒየር ከሰዓት በኋላ ዋርድ ውስጥ የሚቆየው፣ ተማሪውን አልጋ ዳር አስቀምጦ «እስቲ እንደገና ምታው» የሚለው፣ ማታ ልጆቹን የሚያበላው ነገር ካለ ነው።

ያቺ የሚሊኒየሟ ልጅ ባለፈው ክረምት ገርጂ ወዳለው ክሊኒኬ መጣች። ለአሜሪካው የሐኪምነት ፈተና ካፌ ለካፌ ስታጠና ከርማ አልፋለች። የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ነው የመጣችው። ጻፍኩላት፤ ዓይኗ የሚያየውን ሁሉ ጻፍኩ። ስትነሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኖቹን አልጋ ዳር አስተምራቸው ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ልጆቹ ስለሚፈልጉ ነው። አሁን ማን ይያዛቸው?»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው።»

የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮዎቼን ወደ ከሰዓት አዞርኩ። ለአንድ አልጋ ስለሚበዙ በሁለት ከፍለናቸዋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ሁለተኛዎቹ 4 ሰዓት ላይ። ስልክና ራጅ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ እስክሪብቶ ግን ሁሉም ይይዛል።