የጥድ ገመዶች

የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ በረዶ ሲባል የሚታየው እንደ ጠጠር ወርዶ ሰብል የሚደበድበው ነው። በጃፓን ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በካናዛዋ ከተማ ግን በረዶ እንደ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ዛፍ የሚሰብረውም በመምታት ሳይሆን በመከመር ነው።

ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ተራራ ሲያግደውም ሸክሙን ያራግፋል። ስለዚህ የካናዛዋ በረዶ ውኃ ያዘለና ከባድ ነው። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ በቅርንጫፎቹ መካከል ያሳልፈዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልመው ጥድ ግን በመርፌ ቅጠሎቹ ይዞ ያስቀረዋል።

በኬንሮኩኤን የአትክልት ሥፍራ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን አትክልተኞች መጀመሪያ የሚወጡት የካራሳኪ ጥድ በሚባለው ዛፍ ላይ ነው። ዘሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቢዋ ሐይቅ ዳርቻ ያስመጣው 13ኛው የማኤዳ ገዥ ናሪያሱ ነበር። በዛፉ ውስጥ አምስት ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ ከጫፋቸውም 800 ያህል የሩዝ ገለባ ገመዶች እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ወደ ቅርንጫፎቹ ይወርዳሉ። ሥራው «ዩኪትሱሪ» ይባላል። ቃል በቃል ቢተረጎም «በረዶ ማንጠልጠል» ይሆናል፤ የሚንጠለጠለው ግን ቅርንጫፉ ነው። ተርጓሚን የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ቃል ነው። የዚህ አሠራር መጠሪያ ደግሞ ከፖም ዛፍ የተወሰደ ነው፤ ፍሬ የከበደውን ቅርንጫፍ በገመድ ከመደገፍ ልማድ መጣ ይባላል። ለቅርንጫፍ ፍሬም በረዶም ያው ሸክም ነው።

ቁጥቋጦዎች ይህን ያህል ድካም አይጠይቁም፤ ዙሪያቸውን የቀርከሃ ዘንግ ተተክሎ ጫፉ ይታሰራል።

በረዶ በሚያንስባቸው ዓመታት ገመዱ ለጎብኚ ዓይን ብቻ የተዘረጋ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያደገን ቅርንጫፍ አንድ ሌሊት ሊገነጥለው ይችላል፤ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ደግሞ በኖቬምበር የሚያውቅ የለም። ገመዱ የሚፈታው ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ነው።

ምሰሶና ገመድ የሌለው ባለ ጓሮም ዘዴ አያጣም። ለስላሳውን በረዶ ሳይበዛ፣ ከሥር ወደ ላይ በመጥረጊያ ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል፤ ከላይ መምታት ቅርንጫፉን ይጎዳል። በረዶው ረግቶ እንደ መስተዋት ከጠጠረ ግን እስኪቀልጥ ይተወዋል፤ የቀዘቀዘ እንጨት በቀላሉ ይሰበራልና።