ከስማችን ጋር ምን እናወርሳቸዋለን?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። የቅድመ አያታችሁን ስም ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ «እንዴታ! እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን» ትሉ ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ስም ዛሬ በመታወቂያችሁ ላይ አለ? የለም። በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አዲስ ትውልድ ሲጨመር ከኋላ ያለው አንድ ስም ይወርዳል። ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም።

በሌላው ዓለም ያሉ ብዙ ሕዝቦች ግን አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው ለመቶ ዓመታት ይጓዛሉ። ከእነዚህ ስሞች አንዱን ዛሬ ላጫውታችሁ። ስሙ «ረክል» ይባላል። በአየርላንድ እንኳ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የያዙት ስም ነው። ታሪኩ ግን ልጆች የምናሳድገውን ሁላችንን በቀጥታ ይነካናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከየት መጣ?

ከአየርላንድ ስሞች ብዙዎቹ በ«ኦ» ወይም በ«ማክ» ይጀምራሉ። «ማክ» ማለት ልጅ፣ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ ወይም ዘር ማለት ነው። ለምሳሌ ኦብራየን የሚለው ስም የመጣው በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት ከሞተው ከንጉሥ ብራየን ቦሩ ነው። ቀድሞ እነርሱም እንደ እኛ በአባትና በአያት ስም ነበር የሚጠሩት። በኋላ ግን የአንዱ አያት ስም ጸንቶ ቀረና የቤተሰብ መጠሪያ ሆነ።

ረክል ግን «ኦ»ም «ማክ»ም የለውም። ሥሩ ጀርመን ነውና። በራይን ወንዝ አካባቢ ፓላቲኔት የሚባል ግዛት ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር ደጋግሞ አወደመው፤ ግብሩም በሕዝቡ ላይ ከበደ። በ1709 መጀመሪያ ደግሞ አውሮፓን ሁሉ ያስጨነቀ ብርድ ገባ፤ የወይኑ ተክልና የፍሬው ዛፍ በውርጭ ደረቀ። በዚያ ዓመት 13,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በሮተርዳም በኩል ወደ ለንደን ተሰደዱ። በከተማይቱ ዳርቻም በድንኳን ሰፈሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሁሉ ሕዝብ የት እንደሚያደርገው ጨነቀውና 3,000 ያህሉን ወደ አየርላንድ ላከ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ኑሮው አልሆነላቸውምና በጥቂት ዓመታት ውስጥ አየርላንድን ለቀው ሄዱ። ከቀሩት መካከል ከመቶ የሚበልጡ ቤተሰቦች በሊመሪክ አውራጃ፣ ራትኪል በምትባል ከተማ አጠገብ ተቀመጡ። ሰር ቶማስ ሳውዝዌል የተባለ ባለርስት መሬት አከራይቷቸው ነበር። ኮርትማትሪክስ፣ ኪለሂንና ባሊንግሬን የሚባሉት መንደሮች የእነርሱ ሆኑ። ስዊትዘር፣ ቴስኪ፣ ኤምበሪ፣ ሄክና ረክል የሚባሉት ስሞች ወደ አየርላንድ የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

የስደተኛ ስም በመዝጋቢው ጆሮ ይጻፋል። ተናጋሪው ጀርመናዊ፣ ጸሐፊው እንግሊዛዊ ነበር። ስለዚህ ያው ቤተሰብ በአንዱ ወረቀት ላይ «ረክል»፣ በሌላው ላይ «ረትል» ሆኖ ይገኛል። ዛሬም በሊመሪክ ረትል የሚባሉ አሉ። የዚህን ቤተሰብ ሐረግ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መመልከት አለበት። ደግሞም ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ በ1922 በደብሊን የሕዝብ መዛግብት ቤት በእሳት ሲጋይ ከ1821 እስከ 1851 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ጠፍቷል። ሙሉ ሆነው ከተረፉት ቆጠራዎች ቀዳሚው የ1901ዱ ነው። በእርሱም ላይ የእያንዳንዱ ቤተሰብ አባል ስም ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱም ተጽፏል።

ሃምሳ ዓመት ያለ እረኛ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ስደተኞች ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ስማቸውን ይዘው መጡ፤ ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። ነገር ግን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስተምራቸው አገልጋይ አልነበራቸውም። ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ አለፈ። ታዋቂው ወንጌላዊ ጆን ዌስሊ በ1756 ወደ እነዚህ መንደሮች ሄዶ ነበር፤ በ1758 ደግሞ ስለ እነርሱ በማስታወሻው ጻፈ። እረኛ በማጣታቸው በስካር፣ በእርግማንና እግዚአብሔርን በመርሳት የታወቁ ሆነው እንደነበር ይናገራል። ስሙ ሳይጠፋ፣ የአባቶች ቋንቋም ገና በቤት ውስጥ ሳለ፣ የአባቶች እምነት ግን ከቤት ወጥቶ ሄዶ ነበር!

ወገኖቼ፣ ይህ አያስደነግጥም? ስም ራሱ እምነትን አይጠብቅም።

ደስ የሚለው ግን ታሪኩ በዚያ አላለቀም። የሜቶዲስት ሰባኪዎች ቃሉን ባደረሷቸው ጊዜ መንደሮቹ ተለወጡ። ዌስሊ በዚያው ማስታወሻው መሐላና ስካር ከመካከላቸው እየጠፋ መሆኑን መስክሯል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። የመሬቱ ኪራይ ናረ። በትጋት እየሠሩም ልጆቻቸውን ማብላት አቃታቸውና አንዳንዶቹ ዐይናቸውን ወደ አሜሪካ አነሡ።

የረክል ልጅ

ባርባራ ረክል በ1734 በባሊንግሬን ተወለደች። አባቷ ሰባስቲያን ረክል፣ እናቷ ማርጋሬት ኤምበሪ ይባላሉ። በ1760 ፖል ሄክን አገባች፤ በዚያው ዓመትም ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ዘመዷ ፊሊፕ ኤምበሪም ወደዚያው ሄደ። ፊሊፕ አናጢ ነበር፤ በአየርላንድ ሳለም ይሰብክ ነበር። ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ግን ዝም አለ። አዲስ አገር፣ አዲስ ሥራ፣ የልጆች ጉሮሮ... እናንተም ታውቁታላችሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በ1766 ሆነ ተብሎ የሚተረከው ይህ ነው። ባርባራ ዘመዶቿና የአገሯ ልጆች ካርታ ሲጫወቱ አገኘቻቸው፤ ካርታውን ሰብስባ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያም በቀጥታ ወደ ፊሊፕ ቤት ሄዳ እንዲሰብክ ለመነችው። ፊሊፕም ስብከት ቤትና ሰሚ የለኝም ቢላት ባርባራ በገዛ ቤቱ እንዲጀምር ነግራ ሰሚዎቹን ራሷ ሰበሰበች፤ ከአምስት የሚበልጡ አልነበሩም። ባርባራ ራሷ ደብዳቤም ሆነ ጽሑፍ አልተወችልንም፤ የካርታው ነገር በሌሎች አፍ የደረሰን ነው። ፊሊፕ በ1766 በቤቱ መስበኩና በጆን ስትሪት የተሠራው የጸሎት ቤት በጥቅምት 30 ቀን 1768 መከፈቱ ግን የታወቀ ታሪክ ነው። ፊሊፕ በሕንፃው ሥራ በገዛ እጁ ደክሟል፤ የመክፈቻውንም ስብከት የሰበከው እርሱ ነው።

እስቲ ልብ በሉ። ባርባራ ስታገባ በእንግሊዞች ልማድ «ረክል» የሚለውን ስም ለቃለች። ታሪክ የሚያውቃት በባሏ ስም ባርባራ ሄክ ተብላ ነው። የረክል ስም የሚሻገረው በወንድሞቿ በኩል ነበር። ከረክል ቤት ያገኘችው እምነት ግን በስሟ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከእርሷ ጋር ባሕር ተሻግሮ ለሌሎች ተረፈ።

ስም በእኛ ቤት ጥያቄ ሲሆን

እኔ ይህን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ልጃችን ከባሏ ጋር የምትኖረው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ የልደት ምዝገባው ፎርም «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ነበረው። የልጃችን ፓስፖርት የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው የባለቤቴን አባት ስም ነው፤ የባሏ ደግሞ የእርሱን አያት ስም ይዟል። በአገራችን ልማድ እንሂድ ቢሉ ሕፃኗ የአባቷን መጠሪያ ስም ትይዝና ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል። በትምህርት ቤትና በአውሮፕላን ማረፊያ ሁልጊዜ «ልጅቷ የማን ናት?» መባል ሊመጣ ነው። «እማዬ፣ ምን እናድርግ?» ብላ ደወለች።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የባለቤቴ አባት በቤተሰባቸው ወንጌልን የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ብዙ ዋጋም ከፍለውበታል። ባለቤቴ በልቡ ያ ስም እንዲቀጥል ይመኝ ነበር። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ሴት ልጅ ብቻ ናት። ልጆቹ ተነጋግረውና ጸልየው ሕፃኗ የአባቷን የቤተሰብ ስም እንድትይዝ ወሰኑ። ባለቤቴ «ይሁን፣ ልክ ነው» አለ። ግን ለብዙ ቀን ዝም ብሎ ሰነበተ።

በሌላ ዓመት ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ የልጃችን ባል ከሴንት ሎረንስ ወንዝ ብዙም ወደማይርቅ፣ ፕሬስኮት ከተማ አጠገብ ወዳለ አንድ የቆየ የመቃብር ስፍራ ወሰደን። ባርባራ ሄክ ያረፈችው እዚያ ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ እርሷና ባሏ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ወግነው ስለነበር ወደ ሞንትሪያል ተሰደዱ፤ በ1785 ደግሞ ወደዚህ ወደ ኦገስታ መጡ። በ1804፣ በ70 ዓመቷ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ በጭኗ ላይ እንዳለ ሞታ መገኘቷ ይነገራል። መጽሐፉም በጀርመንኛ ነበር። ወገኖቿ ከጀርመን ከወጡ 95 ዓመት ሆኗቸው ነበር!

በ1909 በቆመላት ሐውልት አጠገብ ባለቤቴ ብዙ ቆየ። ወደ መኪናው ስንመለስ «አንቺ፣ ይህች ሴት እኮ የአባቷን ስም አላስቀጠለችም» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። በማግስቱ ግን ደብተር አስገዛና የአባቱን ታሪክ መጻፍ ጀመረ፦ የት እንደተወለዱ፣ ወንጌል እንዴት እንደደረሳቸው፣ ስለ እምነታቸው ምን እንደደረሰባቸው። ልጃችን እያነበበች በእንግሊዝኛ ትተረጉመዋለች፤ የልጅ ልጃችን አድጋ እንድታነበው።

የረክል ስምስ? እርሱም አልጠፋም። በ1872 ሄንሪ ረክል የተባለ ከአየርላንድ የመጣ ሰው በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሶልት ስፕሪንግ ደሴት ላይ እርሻ መሠረተ። በ1974 ከዚያ መሬት አብዛኛው በስሙ የሚጠራ የሕዝብ ፓርክ ሆነ። ከራይን ወንዝ የተነሣው ስም በአየርላንድ አልፎ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደረሰ ማለት ነው።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ተነጋገሩ

በውጭ አገር ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ በውጭ ያሉ፣ ይህ ጥያቄ ወደ ቤታችሁ ይመጣል። ፎርሙ ከመምጣቱ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። የሚያሸንፈውና የሚሸነፈው ወገን እንዳይኖር፣ የምትመርጡት ስም ለልጁ የሚጠቅም ይሁን። አንድ አጻጻፍ ምረጡና በወረቀት ሁሉ ላይ እርሱኑ ጠብቁ፤ «ረክል» እና «ረትል» ሆነው የተለያዩትን አስታውሱ። የወረደውን ስም ደግሞ በደብተር ጻፉት፤ ከስሙ ጎን ሰውየው ማን እንደነበረ ጨምሩበት። ባዶ ስም ለልጅ አይነግረውም።

ከሁሉም በላይ ግን ልጆቻችን ቃሉን በሚገባቸው ቋንቋ ይስሙ። የሊመሪክ ስደተኞች ለሃምሳ ዓመት የራባቸው ይህ ነበር። አማርኛ እናስተምራቸው፣ ሀብታቸው ነው። አማርኛው እስኪገባቸው ድረስ ግን ወንጌሉ በደጅ አይጠብቅ።

ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስብ የጠቀሰው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው፤ የአባቱን ስም አልነገረንም። የቤተሰቡ ስም ምን ይባል እንደነበር አናውቅም፤ በዚያ ቤት ምን እንደተወረሰ ግን እናውቃለን። የእናንተስ ልጆች፣ ስማችሁን ያዙም አልያዙም፣ ከቤታችሁ ይዘውት የሚወጡት ምንድን ነው? ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ተነጋገሩበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።