የጉልበት ህመም

"ጉልበቴን ያመኛል" አልኩ።

የመሥሪያ ቤታችን ልጆች "ታሆ ሐይቅ አጠገብ ቤት ተከራይተን ቅዳሜና እሁድን ስኪ እንጫወት" ሲሉ ከአፌ ያመለጠኝ ይሄ ነው። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። የታመመው ኪሴ ነው። ለአንድ ቀን መግቢያ ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ጫማው፣ ዱላው፣ ልብሱ፣ አስተማሪው ሲጨመርበት... ስልኬ ላይ ደምሬ ሳልጨርስ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ትዝ አለኝ። ገና ባለፈው ሳምንት "በዚህ ወር እጅ አጥሮኛል" ብዬዋለሁ። እውነቴን ነበር። ይሄንኑ እውነት ለሥራ ባልደረቦቼ መንገር ግን አልቻልኩም። ጉልበት ይሻላል። የጉልበት ህመም ክብር አለው።

"ምን ችግር አለው፣ ስኪ የማይጫወት ሰውም የሚሠራው አያጣም፣ ነይ" አሉኝ። የቤቱን ድርሻዬን ብቻ ከፍዬ ሄድኩ።

አርብ ማታ ከኦክላንድ ተነስተን ሽቅብ ወጣን። ተራራው ጋ ስንደርስ "ጎማ ላይ ሰንሰለት ያላሰረ አያልፍም" ተባለና መኪናው ሁሉ ዳር ይዞ ቆመ። ሹፌራችን ሰንሰለቱን ሲታገል ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የዶነር መተላለፊያን ታሪክ ይነግረናል። በ1846 ወደ ካሊፎርኒያ በሠረገላ ሲሰደዱ የነበሩ ሰማንያ ምናምን ሰዎች "አቋራጭ ነው" የተባለ መንገድ አምነው ገቡ፤ መንገዱ ይባስ አዘገያቸውና እዚህ ሲደርሱ በረዶ ዘጋባቸው። ግማሽ ያህሉ እዚያው ቀሩ። መታሰቢያቸው የቆመበት መሠረት ብቻ ከ6 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ የዚያን ዓመት በረዶ ቁመት ያሳያል ይባላል። ሁሉም "ይገርማል" አለ። እኔ "አቋራጭ" የምትለው ቃል ላይ ቀረሁ። ከአገሩ የወጣ ሰው አቋራጭ ሲሉት ያምናል፣ ምን ያድርግ?

ደግሞ እኮ ይሄ በረዶ የምንለው ነገር! እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደውን፣ ልጅ ሆነን ለቅመን አፋችን ውስጥ የምንከተውን ነው። የማውቀው ክረምትም ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። እዚህ የሚወርደው ግን ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ጠዋት መኪናችንን ፍለጋ ወጣን።

ቅዳሜ ጠዋት ስኪ ተጫዋቾቹ ሲዘገጃጁ በረንዳው ላይ የተደገፈ የአንዷ ስኪ ነበር። "አንዴ ላንሳበት?" አልኳት። ይዤ ቆምኩ፣ መነጽሯንም አጠለቅሁ፣ ከኋላዬ ጥድና ነጭ ተራራ። ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩት። ምንም አልጻፍኩበትም፤ መጻፍም አያስፈልገውም።

እነሱ ሲሄዱ ቤት የቀረነው ሁለት ነን። እኔና ከሒሳብ ክፍል የመጣች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴትዮ። ሱሪዋን ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ አሳየችኝና "ያንቺስ የትኛው ጅማት ነው?" አለችኝ። የጉልበት ጅማት ስንት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። "የ... የውስጠኛው" አልኩ። "አይ፣ እሱ ክፉ ነው" ብላ አዘነችልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሜዳ ሜዳውን መሄድ ሐኪሟ ፈቅዶላት ስለነበር የበረዶ ጫማ ተከራየን። ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ጫማችን ሥር የሚታሰር ሰፌድ መሳይ ነገር ነው፤ ክብደትህን ዘርግቶ ስለሚይዘው በረዶው ውስጥ አትሰምጥም። እግር ሰፋ አድርጎ እንደ ዳክዬ መራመድ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። በበጋ ጎልፍ የሚጫወቱበትን ሜዳ አቋርጠን ጥዶቹ መሃል ገባን። አልፎ አልፎ አንድ ቅርንጫፍ ሸክሙን ያራግፋል፤ ከዚያ ውጭ ጸጥ።

ከጥዶቹ ወጥተን ሐይቁን ሳየው ቆምኩ። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ሆኖ ውኃው ግን ሰማያዊ ነው፤ ይንቀሳቀሳል። "ለምን አልረጋም?" አልኳት። ጥልቀቱ 501 ሜትር ነው አለችኝ። ላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፣ ከታች ሞቅ ያለው ይተካዋል፤ ይሄን ሁሉ ውኃ አቀዝቅዞ ለመጨረስ አንድ ክረምት አይበቃም።

እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝ አልኳትና ስለ ጣና አወራኋት። ጣና በስፋት ታሆን ብዙ ጊዜ ያጥፈዋል፤ በጥልቀት ግን እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታቸው ደግሞ ይቀራረባል፤ ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ታሆ 1,897። ባልደረቦቼ "አየሩ ሳሳ" እያሉ ሲያለከልኩ እኔ ምንም ያልመሰለኝ ለካ ወደ ቤቴ ከፍታ ተመልሼ ነው! ከታሆ የሚወጣው ወንዝ አንድ ብቻ ነው፣ ትረኪ፤ እዚያው ታሆ ሲቲ ከድልድይ ሥር ይጀምራል። ከጣናም የሚወጣው አንድ ነው፤ እኛ ሰፈር። ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ዓባይን ያየሁ መሰለኝና ሆዴ ባባ።

ስንመለስ ልጆች ከጉብታ ላይ በፕላስቲክ ሸርተቴ ይወርዳሉ። አንዱ ሕፃን ሸርተቴውን ለቆልኝ "ሞክሪ" አለኝ። አንዴ ወረድኩ። ጮህኩ። ተነስቼ ሽቅብ ሮጥኩና ደገምኩ። ሦስተኛ፣ አራተኛ... አምስተኛውን ለመውጣት ስሮጥ ሴትዮዋን ከጉብታው አናት ላይ ቆማ አየኋት።

"ጉልበትሽ ዳነ?"

ፊቴ በዚያ ብርድ ጋለ። ሌላ ውሸት ፈለግሁ፣ አጣሁ። "ገንዘብ ስለሌለኝ ነው" አልኳት። "አፍሬ ነው እንጂ ጉልበቴ ደህና ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ደሞዝሽን በየሁለት ሳምንቱ የምሠራው እኔ አይደለሁ?"

ሁለታችንም በረዶው ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን።

ማታ እሳት ዳር ተኮልኩለን ሳለ የወንድሜ መልእክት ገባ። "እታለም፣ ፎቶሽ ሲያምር! አሁን ደህና ከሆንሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እማዬ ዓይኗን የሞራ ግርዶሽ ይዟታል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሏል። እጅ አጥሮሻል ብዬ ስነግራት 'እንዳታስጨንቃት' ብላ ከልክላኝ ነበር።"

ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ስነግራቸው ደበቁኝ፤ ስዋሻቸው ነገሩኝ።

እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ እዚያ ከጠዋቱ ሁለት። ካፖርቴን ደርቤ በረንዳው ላይ ወጣሁና ደወልኩ።

"እማዬ፣ ፎቶውን አየሽው?"

"አሳይቶኝ ነበር። ብርሃን ብርሃን ይላል። ምን ይዘሽ ነው እሱ ረጅሙ፣ ሸምበቆ ነው?"

ያን ሁሉ የተኮፈስኩበት ስኪ አልታያትም። ጉሮሮዬ ተዘጋ።

"የሰው ዕቃ ነው እማዬ። ለፎቶ ነው የያዝኩት። እኔ ያንን አልጫወትም፣ ውድ ነው። ገንዘብ አሁንም የለኝም። ግን ለዓይንሽ በሦስት ወርም በአራት ወርም እናጠራቅማለን፤ ከእንግዲህ እንዳትደብቁኝ።"

ትንሽ ዝም አለች። "አንቺስ አትደብቂን" አለች። ቀጥላ፣ "ታዲያ እዚያ ድረስ ሄደሽ ምን ሠራሽ?"

"ሸርተቴ ተጫወትኩ።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"አምስት ጊዜ።"

ሳቋ ከባሕር ዳር ታሆ ድረስ ተሰማ። ስልኩን ስዘጋ ስኪው አሁንም በረንዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ባለቤቷ ረስታው በረዶ ጀምሮታል። አንስቼ አራገፍኩትና ወደ ቤት አስገባሁላት።