ለፓርክ ሮያሏ ጀማሪ የነርስ ረዳት

ውድ ልጄ፣

በለንደን ፓርክ ሮያል፣ በሴንትራል ሚድልሴክስ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆነሽ ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በስልክ ነግሬሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ስለ ሥራው ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1903 የዊልስደን ድሆች ማከሚያ ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ ሰፈር ጋር ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች መካከል ዴም ኤልዛቤት አኒዮንዉን እወቂያቸው። አባታቸው ናይጄሪያዊ፣ እናታቸው የአየርላንድ ዘር ያላቸው ናቸው። በልጅነታቸው በገዳም ማሳደጊያ ሲያድጉ ችፌ ነበረባቸው፤ አንዲት መነኩሲት ነርስ ፋሻውን ስትቀይርላቸው እያሳቀች ሕመሙን ታስረሳቸው ነበር። ነርስ የመሆን ምኞት ያደረባቸው ያኔ ነው። በ16 ዓመታቸው የትምህርት ቤት ነርስ ረዳት ሆነው ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ከደም በሽታ ሐኪሟ ከዶክተር ሚሊካ ብሮዞቪች ጋር ሆስፒታልሽ ባለበት በብሬንት ሲክል ሴልና ታላሴሚያ ለተባሉት የደም በሽታዎች ሕሙማን የብሪታንያን የመጀመሪያ የምክር ማዕከል አቋቋሙ።

ሲክል ሴልን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሕሙማኑ ጣፊያቸው ስለሚጎዳ ሌላው ሰው በቀላሉ የሚወጣው ኢንፌክሽን እነሱን ሊገድል ይችላል። ሰውነታቸው ውኃ ሲያጣ ወይም ሲበርዳቸው ከባዱ ሕመም ይነሣባቸዋል። ስለዚህ የውኃውን ብርጭቆ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ የምታስቀምጥ፣ ብርድ ልብስ የምትደርብ፣ የጠጡትን በመጠን የምትመዘግብ ረዳት ሕክምናውን ራሱን እየሠራች ነው። ዝቅተኛ ሥራ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ስለ ጓንት ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ትምህርቱ የተገኘው ልዕልት ፀሐይ ነርስነት ከተማሩበት ሆስፒታል ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ከአባታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰድደው በለንደኑ የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ በ1939 ተመረቁ። አገር ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ሕሙማንን አገለገሉ፤ በ1942 ግን በለቀምት አረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ያ የተማሩበት ሆስፒታል በ2018 በነርሶቹ መሪነት አላስፈላጊ የጓንት አጠቃቀምን የሚቀንስ ዘመቻ ጀመረ። ሠራተኛው ጓንት ሲያጠልቅ እጁ ንጹሕ ነው ብሎ ያስባል፤ በዚያው ጓንት መጋረጃውን ይስባል፣ የአልጋውን ብረት ይይዛል፣ ቀጥሎ ወዳለው ሕመምተኛም ያልፋል። ተሕዋሲው ለጓንትና ለቆዳ ልዩነት የለውም። በዘመቻው የጓንት ፍጆታው በእጅጉ ቀነሰ፤ የሠራተኞቹም ቆዳ መቁሰል ተሻሻለ።

ጓንት የሚለበሰው ደም፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድር ወይም ቁስል ለመንካት ነው። ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ሥራ ሲያልቅ ይጣላል፤ እጅም ወዲያው ይጸዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቷል፤ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካሽ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነካሽ በኋላና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካሽ በኋላ። አምስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሰውየውን ሳይሆን ትራሱንና ጠረጴዛውን ብቻ ነው የነካሁት ይላል። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለበት ሕመምተኛ ጋር ስትሠሪ ግን ሳሙናና ውኃ ነው። ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ስለሚተው አልኮል አይገድለውም፤ በውኃ ታጥቦ መሄድ አለበት።

ክንድሽ ከክርን በታች ባዶ ይሁን፤ ሰዓትም፣ አያትሽ የሰጡሽ የወርቅ አምባርም፣ የጥፍር ቀለምም አይፈቀድም። ማተብሽ አንገትሽ ላይ ስለሆነ ይህ ደንብ አይነካውም።

የረዳት ሌላው ሀብቷ ዓይኗ ነው። ሐኪሙ ለደቂቃዎች ይመጣል፤ ሰውነት የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ገላ የምታገላብጠው እሷ ናት። የአልጋ ቁስል በነጭ ቆዳ ላይ በቅላት ይታወቃል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ብሬንት ደግሞ የጥቁሩም የእስያውም ሕዝብ መኖሪያ ነው። ስለዚህ ተረከዙንና መቀመጫውን በእጅ ዳስሺ፤ ሙቀቱ ወይም ጥንካሬው ከሌላው ቦታ ከተለየ ለነርሷ ንገሪ። እስትንፋስ፣ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃትና ሙቀት ለክተሽ ስትመዘግቢ እያንዳንዱ የሚያገኘው ነጥብ ይደመራል፤ 5 ከደረሰ አስቸኳይ ነው፣ 7 ከደረሰማ ሐኪም ፈጥኖ መምጣት አለበት። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ትናንት ይቀልድ የነበረ ሰው ዛሬ ዝም ካለሽ ዝምታውንም ተናገሪ። የሚቆጣሽ ሰው ቢኖር እንኳ ተናገሪ።

እንግሊዞች ለጀማሪ ረዳቶች ያወጡት የኬር ሰርተፍኬት ከካሚላ ካቬንዲሽ የ2013 ጥናት ተነሥቶ በ2015 ሲጀመር 15 መስፈርቶች ነበሩት፤ የመጨረሻው ኢንፌክሽንን መከላከል ነበር። ወረቀቱን ለማስፈረም ብለሽ አትሽቀዳደሚ፤ ያልገባሽን ጠይቂ።

መርፌ ቢወጋሽ ደሙ እንዲፈስ አድርገሽ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ታጠቢ፣ በአፍሽ አትምጠጪው፤ በዚያው ሰዓት አሳውቂ፣ መድኃኒት ካስፈለገ መዘግየት የለበትምና። የተጠቀምሽበትን መርፌ ክዳኑን መልሰሽ አትክደኚው፤ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ጣይው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘሽም ሥራ መቅረት ያሳፍራል ብለሽ አትሂጂ፤ ከቆመልሽ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ቤትሽ ሁኚ፤ ለኃላፊሽም ሺፍቱ ከመጀመሩ በፊት ደውዪ።

እናትሽ