ቅናሹን ማን ከፈለው?

የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚሰጠው በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ካለ፣ እስቲ አንድ ቀን ከአጥሩ ወጣ ብሎ ታክሲዎች ተራ ይዘው ከሚቆሙበት ቦታ ይቀመጥ። ፍላጐትና አቅርቦት፣ ሞኖፖል፣ የመንግሥት ቁጥጥር የሚባለው ሁሉ እዚያ ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ ይተነተናል። መምህራኑ ዲግሪ የላቸውም፤ ፈተናቸው ግን በየቀኑ ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ ውጤታቸው ነው።

እኔ እዚያ የማዘወትረው ለትምህርት ብዬ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል። ሕዝቡ የማንም ኩባንያ ይሁን ሁሉንም «ራይድ» እያለ ይጠራዋል። አባታችን ካረፈ ወዲህ የእናታችን መድኃኒትም፣ የእኔ ፎቶ ኮፒም፣ የታናሽ እኅታችን ዩኒፎርምም የሚገኘው ከዚያች መኪና ነው። መኪናይቱ ደግሞ የእሱ አይደለችም። ለባለቤቷ በየቀኑ ቁርጥ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚን ይቀዳል፤ ለኩባንያው ኮሚሽን ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው የእኛ። እንግዲህ «ዛሬ ቅናሽ አለ» የሚል መልእክት በስልኬ ሲመጣ እኔ እንደ ሌላው ተማሪ ዝም ብዬ ደስ አይለኝም። ወዲያው ወንድሜ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ተራ ላይ ክርክር የማይነሳበት ቀን የለም። ባለፈው ሰሞን የተነሣውን ላውጋችሁ። አንዱ ወገን ከሠላሳ ዓመት በላይ ላዳ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ወገን ገና ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በሁለተኛው ዓመት መሪ የጨበጠ ወጣት ነው፤ የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ወንድሜ በመካከላቸው ቆሟል።

«እናንተ ልጆች ዋጋ መከራከር ረስታችኋል» አሉ ጋሼ። «እኔ ከተሳፋሪው ጋር ፊት ለፊት ነው የምነጋገረው። አራት መቶ እለዋለሁ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ይለኛል፤ መሐል መንገድ ላይ እንገናኛለን። ብንጣላ እንኳ የተጣላሁትን ሰው አውቀዋለሁ። የእናንተን ዋጋ የቆረጠውን ሰው ማን አይቶት ያውቃል?»

«ፋዘር፣ እርስዎ ተከራክረው እስኪጨርሱ እኔ ሁለት ቢያጆ ሠርቼ እመለሳለሁ» አለ ወጣቱ። ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ማታ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ከኮንትራት ታክሲ ጋር ቆማ ስትጨቃጨቅ ማየት አልፈልግም። ዋጋው ታውቆ ትግባ» አለ።

ልክ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው በዝናብ ሌሊት ከመገናኛ ወደ ቤቱ ለመግባት ያልለመነ ሰው ነው። ጋሼም አልካዱም። «ዋጋ መታወቁ ማለፊያ ነው» አሉ። «ግን የኔ ልጅ፣ ሲቀነስ ማን ጠየቀህ?»

ዝምታ ሆነ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አንተ ተማሪው፣ እስቲ አስላልን» አለኝ።

በአንድ የሌክቸር ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላሁ። ቁጥሮቹን እነሱ ናቸው የሰጡኝ። አንድ ጉዞ 300 ብር ያወጣል እንበል። ኮሚሽኑ ከመቶ 15 ቢሆን 45 ብር ይሄዳል፤ 255 ይቀራል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተሳፋሪውን ለማንሣት ባዶ የሚነዳው 3 ኪሎ ሜትር ይጨመርበት። መኪናይቱ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 1.3 ሊትር ትጠጣለች። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሣንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሣንቲም ገባ። በዚህ በኋለኛው ዋጋ ብናስበው እንኳ ወደ 132 ብር ቤንዚን ሆኖ ይተናል። ለነጂው 123 ብር ይተርፈዋል፤ ያውም የባለቤቷ ገቢ፣ ጎማና ዘይት ሳይነሣ።

አሁን ታሪፉ ከመቶ 20 ይቀነስ። ተሳፋሪው 240 ብር ይከፍላል። ኮሚሽኑ 36 ብር ይሆናል፤ 204 ይቀራል። ቤንዚኑ ግን ቅናሹን አልሰማም፤ ያው 132 ነው። ለነጂው የሚተርፈው 72 ብር ነው። ከ123 ወደ 72! ተሳፋሪው ከመቶ 20 ሲቀነስለት ነጂው ከመቶ 41 ተቀነሰበት ማለት ነው። ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ወጣቱ ብቻ ብዙም አልደነገጠም፤ ለእሱ የቤንዚኑ መስመር የለም። የእሱ ጭንቀት በየወሩ የሚጠብቀው የብድር ክፍያ ነው።

እርግጥ ቅናሽ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ታሪፉ ሳይነካ ኩባንያው ልዩነቱን ከራሱ የሚሞላበት ቅናሽም አለ። በዚህኛው ነጂው በወረቀት ላይ አይጎዳም። ወንድሜ ግን፣ «የተሞላልኝ ስልኬ ውስጥ በቁጥር ነው፤ ማደያው የሚፈልገው የሚከፈል ገንዘብ ነው» ይላል። ተሳፋሪው በበኩሉ በየትኛው ዓይነት ቅናሽ እንደ ተሳፈረ አያውቅም። ለእሱ ሁለቱም አንድ መልእክት ናቸው።

የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ዝም ብሎ የኖረ ሰው እንዳይመስላችሁ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበበት ወቅት፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ቤንዚን ተወደደብን ብለው መኪናቸውን ያቆሙት እነሱ ናቸው። መምህራኑም በዚያው ሰሞን አድማ ላይ ነበሩ፤ ወታደሩም ተነሣሥቷል። መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ በከፊል ዝቅ አደረገ፤ ከአሥር ቀን ያህል በኋላም የፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ታክሲው ብቻውን አደረገው አልልም። ነገር ግን ያን ጊዜ ነጂው የሚከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ጎዳናው ጭር ሲል ከተማው በሙሉ አየው።

ዛሬስ? የቤንዚኑን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የጉዞውን ዋጋ የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ነጂው በሁለቱ መካከል ተጠብሷል። ቢከፋው ያለው መሣሪያ ስልኩን ማጥፋት ነው። ስልኩን ሲያጠፋ ደግሞ ጎዳናው ጭር አይልም፤ ተሳፋሪው ካርታው ላይ ሁለት ደቂቃ ራቅ ያለ ሌላ መኪና ያገኛል። የአንድ ሰው አድማ ማንም ሳያየው ያልቃል።

«እንግዲያው መንግሥት ይግባበት» ይላሉ አንዳንዶቹ። ይህም ቢሆን ሁለት ወገን አለው። የሚኒባስ ሾፌሮች በ2003 ዓ.ም. በዞን ሲመደቡና ታፔላ ሲሰቅሉ ምን ያህል እንዳማረሩ ጋሼ ያስታውሳሉ። ታሪፋቸው በርቀት ተቆርጦ ይሰጣቸዋል፤ ሳይበቃቸው ሲቀር መንገዱን ቆራርጠው በየፌርማታው ደጋግመው ያስከፍላሉ፤ የሚጎዳው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ታሪፍ ከቢሮ መውጣቱ ብቻ ፍትሐዊ አያደርገውም። አንድ ነገር ግን አለው፤ የሚኒባስ ሾፌር አቤት የሚልበትን በር ያውቀዋል።

የዚህ ዓይነት ኩባንያዎች በየአገሩ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «እኛ ቴክኖሎጂ አቅራቢዎች ነን፤ ነጂው የራሱ ጌታ ነው» የሚል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የለንደንን የኡበር ነጂዎች ጉዳይ ሲወስን ይህን መልስ አልተቀበለም። ከመረመራቸው ጥያቄዎች አንዱ ልክ የጋሼ ጥያቄ ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ነጂው ኩባንያው ከቆረጠው በላይ ማስከፈል አይችልም፤ ዝቅ አድርጎ የማስከፈል «ነፃነት» ደግሞ ለነጂው ምንም አይጠቅመውም አለ ፍርድ ቤቱ። ነጂዎቹ የሠራተኛ መብት አላቸው ተብሎ ተፈረደ። የእኛ ሕግ ሌላ፣ አገሩም ሌላ መሆኑ የታወቀ ነው። ጥያቄው ግን በአማርኛም ይጠየቃል።

እኔ ቅናሽ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ተማሪ ነኝና ኪሴን አውቀዋለሁ። የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅናሽ በተላለፈ ቁጥር ወጪው የኩባንያው ይሁን የነጂው በነጂውም በተሳፋሪውም ስልክ ላይ ተጽፎ ይታይ። ሁለተኛ፣ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ታሪፉ አብሮ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ታሪፍ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ወንበር ለነጂዎች ተወካይ ይኑር። ይህ ሁሉ ዋጋ ያስወድዳል የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ያስወድድ ይሆናል። ያን ጊዜ ቢያንስ የምንከፍለው የጉዞውን እውነተኛ ዋጋ ይሆናል፤ አሁን ግን የጎደለውን የሚሞላልን የአንድ ሰው የልጆች ራት ነው።

ወንድሜ በበኩሉ የራሱን ሂሳብ ይዟል። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ስለዚህ የራሱ መኪና ይኑረው ከተባለ ዓይኑ የኤሌክትሪኩ ላይ ነው። እቁቡ ሲወጣ ቅድመ ክፍያ አድርጎ ቀሪውን ሊበደር ያስባል። እናታችን ፈርታለች። ወንድሜ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እንዲህ አለኝ፤ «ቤንዚኑን ካወጣሁት ሂሳቡ ይሠራል። ብድሩ ለስንት ዓመት እንደሆነ አውቃለሁ። ታሪፉ እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚቀነስ ግን አንተም ልታሰላልኝ አትችልም።»

እቁቡ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።