ቀላሏ ታንኳ

አባቴ ሦስቱን ወንድሞቼን መቅዘፍ አስተምሯል። እኔን ግን «ሴት ልጅ ታንኳ ላይ ምን ትሠራለች?» ብሎ አስቀረኝ። እነሆ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ለራሴ ታንኳ ልገዛ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወረድኩ። መራጭ ያደረግሁት ደግሞ ያንኑ አባቴን ነው። ከዘጌ ማገዶ እያመላለሰ ያሳደገን ሰው ነውና ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል?

«ምን ልትጭኚባት ነው?» አለኝ መንገድ ላይ።

«ራሴን።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ዝም አለ።

ታንኳ እንደ ጀልባ ውሃ አታስቀርም፤ በደንገሉ መሐል እየሰረገ ይገባል። የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ አየር ያዘለ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጠላቷ እርጥበት ነው። ጠዋት አንድ ሰው ተሸክሟት የወረደች ታንኳ ማታ ለሁለት ሰው ታስቸግራለች። በየዕለቱ ከውሃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣች ትበሰብሳለች። ተሰጥታም ቢሆን ዕድሜዋ የወራት ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን ሊሻገርባት ያሠራት «ራ» ደንገሏ ከዚሁ ከጣና የሄደ ነበር። ሠሪዎቿ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ናቸው። የኋላዋ እየሰመጠ ስላስቸገረ ሳትደርስ መንገድ ላይ ተዋት። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የሠሩለት «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ገባች። የእኛዎቹን ሠሪዎች ለምን አልወሰደም እያልኩ እቆጫለሁ።

የእኛዎቹ አልኩ እንዴ? ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሠሪው የነገደ ወይጦ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም ለአባቴ ይሠሩለት ነበር። ሦስት ታንኳዎች አቁመው ጠበቁን። አባቴ ደንገሉን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ሞከረ። የመጀመሪያዋን «ገና አልደረቀችም» ብሎ አለፋት። ሁለተኛዋ ሰፊና ጠንካራ ነበረች፤ እሷን ወደደ። እኔ ሦስተኛዋን፣ ጠባቧን፣ ብድግ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ጣልኳት።

«ማዕበል ሲነሣ ትገለብጥሻለች!»

«ሰፊዋን ማን ያወጣልኛል አባዬ?»

መልስ አልነበረውም። ሠሪው ሳቅ ብለው፣ «ከመቀመጫዋ ሥር አንድ እስር እጨምርላታለሁ። ትንሽ ትከብዳለች፣ ግን አትክድሽም» አሉ። እስኪጨርሱ ባለቤታቸው ቡና ደርሷል፣ ግቡ አሉን።

«እኔ እዚሁ ነፋሱ ይሻለኛል» አለ አባቴ።

ነፋስ አልነበረም። የጣና ዳር ሰው ወይጦዎችን ጉማሬ በላችሁ እያለ ዘመናት ሙሉ ተጸይፏቸዋል፤ ከቤታቸው አይበላም፣ ከስኒያቸው አይጠጣም። አባቴ ነፍሱን ለሥራቸው አደራ ሰጥቶ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ አርባ ዓመት ያህል ቁጭ ብሎባታል። ቡናቸውን ግን ፈራ። ልጅ ሳለሁ እኔም «እነሱ ዘንድ እንዳትቀምሺ» ተብዬ ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ወንድሞቼን ለምን ለይቶ አስተማረ ብዬ ግን ስንቴ አኩርፌያለሁ!

ገባሁ። አቦል ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ። በበሩ በኩል የአባቴ ጀርባ ይታየኛል። ሠሪው እስሩን እያጠበቁ፣ «አባትሽ ጎበዝ ቀዛፊ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ታንኳዋን ወደ ውሃ ያወረድኳት ራሴ ነኝ። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባና አፍንጫዋን ይዞ፣ «አትገተሪ፤ ወገብሽን ልቀቂው። ዘንጉን ከመሐል ያዢ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፤ አትቸኩይ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የዘገየ ትምህርት ነው። ገፋ አደረገኝ።

ጥቂት ቀዝፌ ዞር ስል ሴትዮዋ በረካውን ይዘውለት ወርደዋል። ስኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆሟል። ታንኳዋ ስትወዛወዝብኝ ፊቴን ወደ ውሃው መለስኩ፤ ይጠጣው አይጠጣው አላየሁም።